የባሌው ኑር ሁሴን፦ ስለ ዘመናቸው፣ ስለ ጠሪቃቸውና ስለ አንድ ባላ ዱላ

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ያደግሁት ደሴ አካባቢ ነው። አላህ ይዘንላቸውና አያቴ ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ‹ያ ኑር ሁሴን› ሳይሉ የመጀመሪያውን ስኒ አይቀዱም ነበር። ጓዳ ውስጥ ጫፉ ባላ የሆነ ቀጭን ዱላ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ የአባታቸው እንደነበረና ከባለቤቱ ጋር ባሌ ድረስ ሄዶ እንደተመለሰ ይነግሩን ነበር። አሁን ሳነብ አንዱ ጸሐፊ ኑር ሁሴን የምንላቸው የባሌው ሼህ ሁሴን በ12ኛው፣ ሌላው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ኖሩ ይላል። አንዱ የቃዲሪያን ጠሪቃ (የሱፊ ማኅበር) አገራችን ውስጥ የመሠረቱ ያደርጋቸዋል። ሌላው ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ሰው አልነበረም፣ የቆየ የኦሮሞ እምነት የእስልምና ስም ለብሶ ነው ይላል። የትኛውን ልቀበል?»

ጥያቄው ከአያትዎ ስኒ መነሣቱ ደስ አሰኝቶኛል፤ የሼህ ሁሴን ታሪክ በአብዛኛው የቆየው እንደዚያ ባለ ቦታ ነውና። ፍርዴን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቴን ላስከትል። ሰውየው ኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ቃዲሪያን ግን አልመሠረቱም፤ ከጠሪቃው ጋር የተያያዙት ካለፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ሦስተኛው አስተያየት አንድ እውነት ይዟል፤ ያንን እውነት ይዞ የደረሰበት መደምደሚያ ግን የተሳሳተ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዘመናቸው ልጀምር። በሼህ ሁሴን ሕይወት ዘመን ተጽፎ እጃችን የገባ አንድም ወረቀት የለም። በስፋት የሚጠቀሰው ገድላቸው «ረቢዕ አል-ቁሉብ» የተባለው የዐረብኛ መጽሐፍ ሲሆን፣ ካይሮ ላይ የታተመው በ1927 ነው። ይህ መጽሐፍ «መናቂብ» ከሚባለው የጽሑፍ ዓይነት የሚመደብ ነው፤ መናቂብ ደግሞ የወሊዮችን (የአላህ ወዳጆች የሚባሉ ቅዱሳንን) ምግባርና ከራማ (ተአምር) ሰብስቦ፣ ሰው ለጸሎት በተሰበሰበበት ሐድራ ላይ እንዲነበብና የአድማጭን ልብ እንዲያለሰልስ የሚዘጋጅ እንጂ ዓመት ለመቁጠር የሚጻፍ አይደለም። የአገራችንን የገዳማት ገድል የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ተአምሩን ከመጽሐፉ እየነቀሱ ጥለው የቀረውን «ታሪክ» ብለው የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አካሄድ አልስማማም። እንዲህ ተደርጎ የሚገኘው ቅሪት ከተአምሩ የበለጠ እውነተኛ ስለመሆኑ ዋስትና የለውምና።

ታዲያ 12ኛው ወይም 13ኛው ክፍለ ዘመን የሚለው ግምት ከየት መጣ? ከሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የትውልድ ሐረጋቸው ነው። ባህሉ አባቶቻቸውን ከዐረብ ምድር አምጥቶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ በዛሬይቱ ሶማሊያ በምትገኘው በመርካ ከተማ ያሳርፋቸዋል፤ ከዚያም ወደ ደጋው አገር ያወጣቸዋል፤ እርሳቸውንም አናጂና በተባለች ስፍራ ያኖራቸዋል። ዛሬ ድሬ ሼህ ሁሴን የምንላት ከተማ የድሮ ስሟ አናጂና ነው። ሁለተኛው፣ ለእኔም ይበልጥ የሚመዝነው፣ የባሌ ታሪክ ራሱ ነው። ግብፅና ሶርያ ውስጥ በሹመት የኖረው አል-ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ስለ ሰባቱ የሐበሻ እስላማዊ አገሮች ሲጽፍ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ ሀድያን እየጠቀሰ ባሌንም ከነርሱ ጋር ይቆጥራታል፤ ለም መሆኗንም ይመሰክራል። አንድ አገር በዚያ ጊዜ የታወቀ እስላማዊ መንግሥት ከነበራት፣ ቀደም ብለው ቁርኣን ያስቀሩ፣ መስጊድ ያቆሙ፣ ከባህሩ ዳርቻ ሃይማኖቱን ይዘው የወጡ አስተማሪዎች ነበሯት ማለት ነው። የሼህ ሁሴን ገድል የሚገልጸው ሰው ከዚያ የአስተማሪዎች ትውልድ ጋር በትክክል ይገጥማል። ስለዚህ «12ኛው ነው» «13ኛው ነው» የሚለው ክርክር ከእጃችን ባለው ማስረጃ የሚፈታ አይደለም፤ ሁለቱም ጸሐፊዎች ያነበቡት አንድ ዓይነት ማስረጃ ነው።

ወደ ጠሪቃው ስሻገር ግን ዓመታቱ በጣም ይረዱናል። ቃዲሪያ ስሙን ያገኘበት ሼህ ዐብዱልቃድር አል-ጀይላኒ ባግዳድ ላይ ያረፉት በ1166 ነው። ጠሪቃው ራሱን የቻለ ሥርዐት ሆኖ ከከተማ ከተማ የተስፋፋው ከእርሳቸው በኋላ በነበሩት ትውልዶች ነው። ወደ አፍሪካ ቀንድ መግባቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዐደኑ ወሊይ ከአቡበክር አል-ዐይደሩስ ጋር፣ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ጋር ይያያዛል፤ መናኸሪያውም ሐረር ሆነች። ሼህ ሁሴን በ12ኛው ወይም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከኖሩ፣ ቃዲሪያን ወደዚህ አገር ያመጡ ለማድረግ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ወደፊት ልንገፋቸው ነው።

ሆኖም ዛሬ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄድ ሰው የጀይላኒን ስም ከኑር ሁሴን ስም አጠገብ ይሰማዋል፤ ይህም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1783 እስከ 1794 ሐረርን የገዙት አሚር ዐብዱሸኩር በሼህ ሁሴን ቀዬ ለጀይላኒ መታሰቢያ አስገነቡ። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሙሐመድ ጢልማ ጢልሞ የተባሉ ሼህ ወደ አናጂና መጥተው ስፍራውን እንደገና አቀኑት፤ ዚያራውንም (ወደ መቃብሩ የሚደረገውን ጉዞ) አጠናከሩት። ያ ዘመን በሰፊው የአገራችን ክፍል ጠሪቃዎች እንደ አዲስ የተነቃቁበት ነበር። በእናንተ በወሎ በኩል እንኳ ሼህ ሙሐመድ ሻፊ ጀማ ንጉሥን የትምህርትና የመውሊድ ማዕከል ያደረጉት በዚሁ ጊዜ ነው። የሐረሩ አሚር የባሌውን ጥንታዊ ወሊይ ከባግዳዱ ቁጥብ (የወሊዮች ቁንጮ) ከጀይላኒ ጋር ሲያጎራብቱ፣ የሼህ ሁሴንን ስም ወደ አንድ ትልቅና ከአገር አገር የሚታወቅ ሰንሰለት ማስገባታቸው ነበር። የወሎ ሰው «ያ ጀይላኒ» ብሎ ቀጥሎ «ያ ኑር ሁሴን» ቢል የማይከብደው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

እንግዲያው ሱፊ አልነበሩም ማለት ነውን? አይደለም። ተሰውፍ (የሱፊ መንፈሳዊ ሕይወት) እና ጠሪቃ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉልኝ። ጠሪቃ ሳይቋቋም በፊት ኸልዋ (የብቸኝነት ጸሎት ቦታ) የሚገቡ፣ ዚክር (የአላህን ስም ማውሳት) የሚያበዙ፣ ከዓለም ጥቅም የሚርቁና ደረሳ የሚያስተምሩ ዛሂዶች ነበሩ፤ ገድሉ ሼህ ሁሴንን የሚስላቸው እንደነዚህ አድርጎ ነው። የአካባቢው የቦታ ስሞችም ይህንኑ ያስተጋባሉ። በወይብ ወንዝ የተቦረቦረውና ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ታላቁ ዋሻ ሶፍ ዑመር ይባላል፤ «ሶፍ» የሚለው «ሱፊ» ከሚለው ቃል የመጣ እንደሆነ ይታመናል። ባህሉ ሶፍ ዑመርን የሼህ ሁሴን ደቀ መዝሙር ያደርጋቸዋል፤ ዋሻውም ኸልዋቸው ነበር ይላል። ደቀ መዝሙሩን ለዚህ የሚያበቃ መምህር ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ሕዝቡ በዚያ ስም ይናገራል።

ሦስተኛው አስተያየት ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሌ ተደጋጋሚ ጦርነት አለፈባት። በኢማም አሕመድ ሠራዊትና በነገሥታቱ መካከል የተደረገው ውጊያ አገሩን አደከመው፤ በዚያው ዘመን መነኩሴው አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ ታሪኩን የጻፉለት የኦሮሞ መስፋፋት ደግሞ መላውን ደቡብ ለወጠው። የባሌ እስላማዊ መንግሥት ጠፋ፤ ቃዲውም፣ ሱልጣኑም፣ የንግድ መስመሩም አብረው ተዳከሙ። መቃብሩ ግን አልጠፋም። አንድ መንግሥት ሲፈርስ በእርሱ ጥላ ሥር የነበረ መቃብር ብዙ ጊዜ ሣር ይውጠዋል፤ ይህኛው ግን ዙሪያውን የሰፈረው ሕዝብ ጠበቀው፣ ተሳለመው፣ በራሱ ቋንቋ ዘመረለት።

ያ ሕዝብ የራሱ የሆነ የክብር ሥርዐት ነበረው። የኦሮሞ ጎሣዎች ከሩቅ አገር መልእክተኞችን መርጠው ወደ አባ ሙዳ (ወደ ኦሮሞ ባህላዊ እምነት ታላቅ አባት) ይልኩ ነበር፤ መልእክተኞቹ በትር ይዘው፣ ጦርና ጋሻ ሳያነሡ፣ እየዘመሩ ይጓዛሉ፤ በየመንገዱ የሚያገኛቸው ሰው ያስተናግዳቸዋል፤ ቡራኬ ተቀብለው፣ ተቀብተው ይመለሳሉ። የሼህ ሁሴን ዚያራ ከዚህ ጉዞ ጋር መመሳሰሉን ማንም ያየ ሰው አይክድም። ተመሳሳይነቱን ያዩ ሰዎች ግን «እንግዲያው ሼህ ሁሴን የሉም» ወደሚል ድምዳሜ ዘለሉ። እኔ የምረዳው በሌላ መንገድ ነው፦ አንድ ሕዝብ የሚያከብረውን እንግዳ በራሱ ቤት ወግ ያስተናግዳል። የአርሲና የባሌ ኦሮሞ ለወሊዩ የሰጠው ከሁሉ የላቀውን የአቀባበል ወግ ነው። ወጉ ኦሮሞ መሆኑ እንግዳውን ከመኖር አያወጣውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ አርሲ ውስጥ እስልምና በሰፊው ሲስፋፋም፣ ሰዎች ወደማያውቁት ቤት የገቡ ያልመሰላቸው ሼህ ሁሴን አስቀድመው በመዝሙራቸው ውስጥ ስለነበሩ ነው ብዬ አስባለሁ።

ስለ መዝሙሩ ትንሽ ልጨምር። ተጓዦቹ የሚያዜሙት ባህሮ ይባላል፤ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀረው ይቀበላል፤ በዚህ ከወሎ መንዙማ ጋር ይመሳሰላል። ስለ ሶማሊ ሥነ ግጥም ባደረጉት ጥናት የሚታወቁት የቋንቋ ምሁር አንድርዜየቭስኪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እነዚህን ዜማዎች አጥንተው ነበር። የዜማዎቹ ዋና ጠባይ ነገርን በጥቅሻ ማለፍ መሆኑን አሳይተዋል። ግጥሙ ከራማውን አይተርክም፤ አንድ ስም ወይም አንድ የቦታ ምልክት ጠቅሶ ያልፋል፤ ታሪኩን የሚሞላው አድማጩ ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ዜማውን ቃል በቃል ቢያስተረጉም ምንም አይጨብጥም። ይህ ለታሪክ አጥኚ ትልቅ ነገር ነው፤ ግጥሙ በጥቅሻ ሊያልፍ የቻለው ታሪኩን ልጆች ሳይቀሩ ስለሚያውቁት ነውና። ታትሞ ከወጣው መጽሐፍ ይልቅ በዚህ ዓይነት ጥቅሻ ውስጥ የተጠበቀው ነገር ይበልጣል ብዬ እገምታለሁ።

ቦታውን ላላዩት ጥቂት ልንገርዎት። ድሬ ሼህ ሁሴን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በምሥራቅ ባሌ ጎሎልቻ ወረዳ፣ ደረቅና ሞቃት በሆነ አገር ውስጥ ትገኛለች። በግራርና በቁጥቋጦ መካከል ሲሄዱ ቆይተው በኖራ የተለሰኑት ነጫጭ ቁባዎች (ጉልላት ያላቸው የመቃብር ቤቶች) ድንገት ይታያሉ፤ በፀሐይ ዓይን ይወጋሉ። የመቃብሩ በር እጅግ ዝቅተኛ ነው። እኔ በሄድሁበት ጊዜ ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ውጭ ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ በእጃቸውና በጉልበታቸው እየዳሁ ገቡ፤ ሲወጡ ግንባራቸውና የአፍንጫቸው ጫፍ ነጭ ሆኖ ነበር። ይህ ነጭ አፈር ጀዋራ ይባላል። ሰው ግንባሩን ይቀባዋል፣ በጨርቅ ጫፍ ቋጥሮ ቤት ለቀረ በሽተኛ ይወስዳል። ሽማግሌው ቋጠሯቸውን ሲያስሩ ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጡ ነበርና አጠገባቸው የቆመች፣ ዘመዳቸው ያልሆነች ወጣት ጨርቁን ተቀብላ አሰረችላቸው፤ እርሳቸውም ዱዓ አደረጉላት። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሼህ ሁሴን ራሳቸው እንደሠሩት የሚነገርለት ዙቅቱም የተባለው መስጊድ አለ።

ትልቁ ጉዞ በዙልሒጃ፣ በዐረፋ ሰሞን ነው፤ ሌላው በመውሊዱ ወር በረቢዐል አወል ይውላል። የሂጅራ አቆጣጠር በየዓመቱ ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድም ጉዞው አንዳንዴ በበጋ፣ አንዳንዴ በክረምት ይውላል። ከሐረርጌና ከአርሲ የሚመጡት ዋቢ ሸበሌን መሻገር ስላለባቸው፣ መኪና ባልነበረበት ዘመን ወሩ የክረምት ሲሆን የወንዙ ሙላት የጉዞውን ነገር የሚወስን ነበር። ከወሎ የሚነሣ ሰው ደግሞ ለወራት የሚበቃ ጉልበት ያስፈልገው ነበር። የሼህ ሁሴን ተጓዦች ገሪባ ይባላሉ፤ ስንቅ ሳይዙ ይወጣሉ፣ በየደጁ በኑር ሁሴን ስም ያዜማሉ፣ የተሰጣቸውን ይቀበላሉ፣ ዱዓ አድርገው ያልፋሉ። በዚህ መንገድ የወሊዩ ስም መቃብሩን በማያውቁ ቤቶች ውስጥ ገባ። ክርስቲያን እናቶች በምጥ ጊዜ ስማቸውን ሲጠሩ መስማት፣ ከተጓዦቹም መካከል ክርስቲያኖችን ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። የወሎን ነገር ካነሣን አርሲ ውስጥ ፈረቀሳ ላይ ሐድራቸውን ያቆሙትንና በ1929 ያረፉትን ሲቲ ሞሚናን ማስታወስ ይገባል፤ ትውልዳቸው ከወሎ ነው፤ ደጃቸውም እስከ ዛሬ የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች የሚገናኙበት ነው። በወሎና በአርሲ መካከል የነበረው የእግር መንገድ ወሊዮችንም አመላልሷል ማለት ነው።

አንድ ያልጠየቁኝን ነገር ዝም ብዬ ባልፍ ግን መልሴ ጎደሎ ይሆናል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ባሌ ውስጥ ይህን ዚያራ አጥብቀው የሚቃወሙ፣ ብዙዎቹም ሳውዲ ዐረቢያ የተማሩ ዑለማዎች ተነሥተዋል። ክርክራቸው ሙታንን ለእርዳታ መጥራትና መቃብርን መዞር ተውሒድን (የአላህን አንድነት) ይነካል የሚል ነው። የሱፊ ዑለማዎች ደግሞ ዱዓው የሚቀርበው ለአላህ ብቻ ነው፣ ወሊዩ አላህ ዘንድ ባላቸው ክብር ተወሱል (በእርሳቸው አማካይነት አላህን መለመን) ይደረጋል እንጂ አይመለኩም ብለው ይመልሳሉ። ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን መሄድ ሐጅን ይተካል የሚለውን በተራው ሰው ዘንድ የሚነገር አባባል ግን ሁለቱም ወገኖች አይቀበሉትም። በሃይማኖታዊው ጉዳይ ብይን መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። በታሪክ አጥኚነቴ የሚያሳስበኝ ግን ክርክሩ ሲጠነክር የሚጠፋው ነገር ነው፤ ባህሮውን በሙሉ የሚያውቁ ሽማግሌዎች እያለፉ ነው፣ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ አይዘምሩትም። ስፍራው በ2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ መዝገቡ ግን ድንጋዩንና ኖራውን እንጂ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ያለውን ዜማ ሊጠብቅ አይችልም።

በመጨረሻም ስለ ዱላው። የገለጹልኝ ቅርጽ በትክክል የገሪባ ዱላ ነው። ባላው ተጠርቦ የወጣ አይደለም፤ ቅርንጫፉ በተፈጥሮው ሁለት ሆኖ የበቀለ እንጨት ተመርጦ ነው የሚቆረጠው፤ ባላው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ ቢያዩት ይለዩታል። እባክዎ ቫርኒሽ አይቀቡት፤ አይጠቡትም። እጅ የያዘበት ቦታ ለስልሶና ጠቁሮ ከሆነ፣ ያ ጥቁረት ከደሴ ባሌ ድረስ የተጓዙት ሰው ላብ ነው። የቤተሰቡ ታላላቆች በሕይወት ካሉ በየት በኩል እንደሄዱ፣ አዋሽን የት እንደተሻገሩ፣ ማን ቤት እንዳደሩ ይጠይቋቸውና ድምፃቸውን ይቅረጹ። አያትዎ ስኒ ሲቀዱ «ያ ኑር ሁሴን» ብለው ይቀጥሉት የነበረ ስንኝ ካለም፣ ግማሹ ብቻ ትዝ የሚልዎት ቢሆን እንኳ፣ ያንኑ ግማሽ እንዳለ ይጻፉት፤ አንድ ቃል ብቻ ከሆነም ይላኩልኝ።